የዲኤክስን የፊት አሞርዛተር መቀየር፦ ጣርማበርን ለምትወርድ መኪና

የፊት አሞርዛተር ሲያልቅ ብዙ ሰው ቸል ይለዋል። «መኪናዋ ትንሽ ትዘላለች እንጂ ትሄዳለች» ይባላል። ሜዳ ላይ ይህ ያስኬድ ይሆናል። ከደብረ ብርሃን ተነስቶ፣ የጣርማበርን ዋሻ አልፎ ወደ ደብረ ሲና ለሚወርድ ሰው ግን አያስኬድም።

የመኪናውን ክብደት የሚሸከመው ሞላው ነው። የአሞርዛተሩ ሥራ ሞላው አንዴ ከተጨመቀ በኋላ ደጋግሞ እንዳይዘል መያዝ ነው። አሞርዛተሩ ሲሞት ጎማው መሬቱን ለቅጽበት ይለቃል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይለቃል። መሬት ያልነካ ጎማ ደግሞ ፍሬንም አይዝም፣ መሪም አይሰማም። ከጣርማበር አናት፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው ብርድ ተነስታችሁ፣ 1,300 ሜትር አካባቢ ላይ ወዳለችው ሸዋ ሮቢት ስትወርዱ ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ያዘነብላል። ፍሬን በያዛችሁ ቁጥር ፊቷ ይደፋል። ስለዚህ አሞርዛተርን ከምቾት ዕቃ ጋር አትደምሩት። የፍሬን ዕቃ ነው።

ሌላም ነገር አለ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ በእጃችን ያለችው አሮጌ መኪና በቀላሉ የምትተካ አይደለችም። መንከባከቡ ያዋጣል።

የትኛዋ መኪና

የማወራው ስለ ቶዮታ ኮሮላ ኬኢ 70 ነው። ሁላችንም ዲኤክስ የምንላት፣ እ.ኤ.አ. በ1979 ብቅ ያለችው አራተኛዋ የኮሮላ ትውልድ ናት። የፊት እግሯ ማክፈርሰን የሚባለው ዓይነት ነው። ሞላውና አሞርዛተሩ አንድ ላይ ሆነው ከጎማው እስከ ኮፈኑ ሥር ድረስ ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ፔጆ 504 ያላችሁም ሐሳቡ አንድ ነው፤ የቡሎኖቹ አቀማመጥ ግን ይለያል። ላዳ 2101 ወይም የተለመደችው ቮልስ ካለቻችሁ ይህ መመሪያ ለእናንተ አይሆንም። ላዳ ላይ አሞርዛተሩ ሞላው መሃል ለብቻው የገባ ነው። ቮልስ ላይ ደግሞ ፊት ለፊት ጥቅልል ሞላ የሚባል ነገር የለም። የሁለቱም ሥራ ከዚህ ይቀላል።

በእርግጥ አልቋል ወይ?

ሁሉም የሚያውቀው ሙከራ ፓራፋንጎውን ወደ ታች ተጭኖ መልቀቅ ነው። አንዴ ተነስታ ከተረጋጋች ደህና ናት፤ ሁለትና ሦስት ጊዜ ከዘለለች አልቋል። ሙከራው ጥሩ ነው፣ ግን ብቻውን አይበቃም። ግማሹ የሞተ አሞርዛተር ይህን ፈተና ያልፋል።

ጎማውን በመዳፋችሁ ዙሪያውን ዳብሱት። እዚህ ጎድጎድ፣ እዚያ ከፍ ብሎ የተበላ ከሆነ ጎማው ሲነጥር ኖሯል ማለት ነው። ቀጥሎ በእጅ ባትሪ ሞላው መሃል እያበራችሁ እዩ። ቱቦው ላይ ዘይት ፈስሶ አቧራ ከጋገረ ዘይቱን የሚያፍነው ላስቲክ፣ ጎሚኒው፣ አልያዘም። ስስ እርጥበት ብቻ ከሆነ ግን አትደንግጡ።

«ጓ» የሚል ድምፅ ሁልጊዜ የአሞርዛተር አይደለም። ብዙ ሰው አሞርዛተር ቀይሮ ድምፁ አብሮት የሚቀረው ይህን ሳይለይ ስለሚገዛ ነው። አንድ ሰው መሪውን በቆመበት ያዙር፤ እናንተ እጃችሁን ሞላው ላይ አድርጉ። ሞላው ተይዞ ቆይቶ ድንገት ከዘለለ የላይኛው ኩሽኔታ ደርቋል ወይም ተበልቷል። ከዚያ ጎማውን በክሪክ አንሱና በረጅም ብረት የታችኛውን ክንድ (እግሩን ከታች ከመኪናዋ ጋር የሚያገናኘውን ብረት) ወደ ላይና ወደ ታች ፈልቅቁት። ክፍተት ካለ የክንዱ ጫፍ መገጣጠሚያ፣ ቦል ጆይንቱ ነው። ሁለቱንም ከግዢ በፊት እወቁ፤ ቦታው አንዴ ከተፈታ ሁሉንም በአንድ ጊዜ መሥራት ይሻላል።

ዕቃ ስትገዙ

ሁለቱንም ጎን ግዙ። አንዱ ብቻ ቢፈስም ሁለቱም ይቀየራሉ። አንዱ አዲስ፣ አንዱ አሮጌ ሆኖ ፍሬን ስትይዙ መኪናዋ ወደ አንድ ጎን ልትስብ ትችላለች። ገደል አጠገብ ይህ አይፈለግም።

የዲኤክስ እግር ሁለት ነገር ነው። ከውጭ ያለው ወፍራም የብረት ቱቦ ከጎማው መያዣ ጋር አብሮ የተበየደ ነው፤ እሱ አያልቅም። የሚያልቀው ውስጡ ነው። ስለዚህ ሙሉ እግር መግዛት አያስፈልግም፤ ውስጡን፣ ካርትሪጅ የሚባለውን ብቻ ግዙ። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ስትሄዱ ኮፈኑ ሥር ካለው የብረት ታርጋ ላይ የመኪናዋን ኮድ ፎቶ አንስታችሁ ያዙ። «ለኮሮላ ነው» ብቻ ማለት አይበቃም። ኮሮላ ብዙ ዓይነት ናት፤ ቁመቱ ወይም ውፍረቱ በጥቂት ሚሊሜትር ቢለይ አይገባም።

ያገለገለ አሞርዛተር እኔ አልመክርም። ከውጭ ንጹሕ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ስንት ዓመት እንደሠራ የሚነግራችሁ ሰው የለም። ከሁሉ የባሰው ደግሞ አንዳንድ ቦታ የሚሠራው ነገር ነው፦ ቱቦውን ከፍቶ ወፍራም ዘይት መሙላት። ለጥቂት ቀን ጠንከር ትላለች፣ ሰውም ተሠራች ይላል። የተበላው ፒስቶንና ቫልቭ ግን እንደተበላ ነው። ወፍራም ዘይት በደብረ ብርሃን የኅዳር ውርጭ ይረጋል፤ መኪናዋ ጠዋት እንደ ጋሪ ትመታለች። ያው ዘይት ሸዋ ሮቢት ሙቀት ሲደርስ ይቀጥናል፤ እንደገና መዝለል ትጀምራለች። በአንድ ቀን ውስጥ ብርድና ቆላ ለምታይ መኪና ይህ ጥገና አይደለም።

ከካርትሪጁ ጋር የእግሩን አናት ከመኪናዋ ጋር የሚያያይዘውን የላይኛውን ላስቲክ ከነኩሽኔታው፣ ሞላው ሲጨመቅ የሚቀበለውን ላስቲክ፣ የአቧራ መከላከያውን፣ ያልተከፈተ ዶት 3 ፍሬን ዘይትና ጥቂት ግራሶ ያዙ።

መሣሪያና ቦታ

ክሪክ፣ ሁለት የብረት ስታንድ፣ ከ10 እስከ 21 ያለ ቁልፍና ቡሶላ፣ ፒንሳ፣ መዶሻ፣ ትልቅ የቧንቧ ቁልፍ፣ የሽቦ ብሩሽ፣ ሞርሳ ካለ ሞርሳ። ከሁሉም በላይ የሞላ መጭመቂያ ጥንድ። ከሌላችሁ ተከራዩ ወይም ከጋራዥ ተዋሱ። እሱ ሳይኖር ሥራው አይጀመርም።

ቦታው ሲሚንቶ ቢሆን ጥሩ ነው። የአፈር ግቢ ከሆነ ክሪኩና ስታንዱ ሥር ወፍራም ጣውላ አድርጉ። ክረምት ላይ ጭቃ ሲሆን ተዉት፣ ፀሐይ ይውጣ። ድንጋይ ደርድሮ መኪና ማስቀመጥ የተለመደ ነው፤ እባካችሁ አታድርጉት። ድንጋይ ሳያስጠነቅቅ ይሰነጠቃል። ድንጋይ ለኋላ ጎማ ማገጃ ይሁን።

ከአንድ ቀን በፊት የሚፈቱትን ቡሎኖች ሁሉ በሽቦ ብሩሽ አጽዱና የዝገት ማላቀቂያ ዘይት ርጩባቸው። ማታ ይደር። የዚህ አንድ ምሽት ትዕግሥት ስንት የተሰበረ ቡሎን ያድናል!

እግሩን ማውረድ

አንዱን ጎን ጨርሳችሁ ወደ ሌላው ሂዱ። ያልተነካው ጎን ግራ ሲገባችሁ ማያ ይሆናችኋል።

የጎማውን ዳዶዎች መኪናዋ መሬት ላይ እያለች አላሉ። ከዚያ ኮፈኑን ክፈቱና የእግሩ አናት የታሰረበትን ቦታ እዩ። ዙሪያውን ሦስት ዳዶ፣ መሃል ላይ ደግሞ አንድ ትልቅ ዳዶ በክዳን ተሸፍኖ አለ። የመሃሉን ዳዶ አሁን አትንኩት። የተጨመቀውን ሞላ ይዞ ያለው እሱ ነው። በዚያው ብረቱን ዙሪያውን መርምሩ። ዝገት የበላው ወይም የተሰነጠቀ ከሆነ ብየዳ ይቅደም፤ አዲስ አሞርዛተር የበሰበሰ ብረት ላይ አይታሰርም።

መኪናዋን አንሱ፣ ስታንድ ላይ አስቀምጡ፣ ጎማውን አውጡ። ስታንዱ የሚያርፍበት የወለሉ ጠርዝ ዝገት እንዳልበላው በመዶሻ ቀስ እያላችሁ አንኳኩ። የታፈነ ድምፅ ካለው ሌላ ጠንካራ ቦታ ፈልጉ። የወጣውን ጎማ ከመኪናዋ ሥር አጋድሙት። ስታንዱ ቢንሸራተት እሱ ይቀበላታል።

የፍሬኑ የጎማ ቱቦ እግሩ ላይ በተበየደ መያዣ ውስጥ ያልፋል፤ በክሊፕ ነው የተያዘው። እግሩን ለማውጣት መስመሩ እዚያ ጋ ይከፈታል። እንዳይበላ ልኩ የሆነ 10 ቁልፍ ተጠቀሙ። በእንግሊዝ ቁልፍ ከሞከራችሁት ጠርዙ ይሞልጫል። ሲከፈት ጫፉን በንጹሕ የጎማ ቆብ ድፈኑት። የፈሰሰው ፍሬን ዘይት ቀለም ይልጣል፤ ወዲያው በውኃ እጠቡት። ከዚያ ዲስኩን የሚጨብጠውን የፍሬኑን ካሊፐር የያዙትን ሁለት ቡሎኖች ፍቱና አውጡት።

ከታች እግሩን ከመሪው ክንድ ጋር የሚያያይዙ ሁለት ቡሎኖች አሉ። የዲኤክስ ጥሩ ነገር ይህ ነው፤ ቴስቲኒውንም (የመሪውን ዘንግ ጫፍ) ቦል ጆይንቱንም ማላቀቅ አያስፈልጋችሁም። ሁለቱን ቡሎኖች ብቻ ፍቱ። ቡሎኖቹ ከወጡ በኋላም እግሩ ካልለቀቀ ተሰብሯል ብላችሁ አትደብድቡት። በቡሎኖቹ ቀዳዳ ዙሪያ ትንሽ ወጣ ያለ ጠርዝ አለ፣ ወደ ላይኛው ብረት ይገባል። የታችኛውን ክንድ በረጅም ብረት ወደ ታች ስትጫኑት ይለቃል።

አሁን አንድ ሰው እግሩን ከታች ይያዝ። ከነዲስኩ ከባድ ነው። እናንተ ከላይ ሦስቱን ዳዶዎች ፍቱ። የመጨረሻውን ስትፈቱ የያዘው ሰው ይወቅ፤ «ፈታሁ!» በሉት።

ሞላው

እዚህ ላይ ቀስ በሉ። የተጨመቀ ሞላ ሰው ይገድላል። ይህን ያጋነንኩ እንዳይመስላችሁ። የመኪናዋን የፊት ክብደት የሚሸከም ኃይል ነው አንድ ጥቅልል ውስጥ የታጠፈው። በሽቦ ወይም በገመድ አስሮ የመሃሉን ዳዶ መፍታት የሚሉት ዘዴ አለ። በምንም ምክንያት አትሞክሩት።

ሁለቱን መጭመቂያዎች ፊት ለፊት፣ ልክ በተቃራኒ ጎን አድርጉ። መንጠቆዎቹ የሞላውን ሽቦ ሙሉ በሙሉ ይጨብጡ፤ በተቻለ መጠን ብዙ ዙር ይያዙ። ከዚያ አንዱን ጥቂት ዙር፣ ሌላውን ጥቂት ዙር እያላችሁ በእጅ አጥብቁ። አንዱ ጎን ከቀደመ ሞላው ይጎብጣል፣ መንጠቆውም ይንሸራተታል። የሞላው ጫፍ መቀመጫውን ለቅቆ በእጅ የሚንቀሳቀስ እስኪሆን ቀጥሉ። ፊታችሁ ከሞላው ጫፍ ትይዩ አይሁን። ልጆች ግቢው ውስጥ ካሉ ያስወጧቸው።

ሞላው ልቅ መሆኑን በእጃችሁ ካረጋገጣችሁ በኋላ ብቻ የመሃሉን ዳዶ ፍቱ። ከላይ ወደ ታች የሚወጣውን ሁሉ በወጣበት ቅደም ተከተል ጨርቅ ላይ ደርድሩ፣ ፎቶም አንሱ። የተጨመቀውን ሞላ ማንም የማይነካው ጥግ አስቀምጡት። በእግር አይመታ፣ አይወርወር።

ከመቀጠላችሁ በፊት ሞላውን ራሱን እዩት። ቀለሙ ተልጦ ዝገት ጉድጓድ የሠራበት ሞላ ውሎ አድሮ ይሰበራል። ሁለቱ ሞላዎች ቁመታቸው እኩል ካልሆነ መኪናዋ አንድ ጎን የወረደችው በዚያ ነው። አሞርዛተር አያነሳትም።

ቱቦውን መክፈትና አዲሱን ማስገባት

ዲስኩን በፕላስቲክ ሸፍኑት፤ ዘይት ከነካው ፍሬኑ አይዝም። ቱቦውን ሞርሳ ላይ ስታስሩ አካሉን አትጭመቁት፣ ግድግዳው ቀጭን ስለሆነ ይሞላለላል። ከታች ወፍራሙን ብረት ይያዝ።

ቱቦው አናት ላይ ክብ ዳዶ አለ። ዙሪያውን አጽዱ፣ የዝገት ማላቀቂያ ርጩበት፣ በቧንቧ ቁልፍ ፍቱት። እምቢ ካለ ቶርኖ ቤት ውሰዱት። እሳት አታቅርቡ፤ ውስጡ ዘይት አለበት። የፋብሪካው ከሆነ ዘንጉ፣ የውስጡ ሲሊንደርና ቫልቩ ለየብቻ ይወጣሉ፣ ዘይትም ይፈስሳል። ዕቃ ውስጥ ተቀበሉት እንጂ መሬት ላይ አታፍስሱት። የቱቦውን ውስጥ በነጭ ጋዝ አጥባችሁ አድርቁ። ታች ላይ የቀረ ቆሻሻ ካለ ካርትሪጁ ቀጥ ብሎ አይቀመጥም።

አዲሱን ካርትሪጅ ከማስገባታችሁ በፊት ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙትና ዘንጉን ደጋግማችሁ ሙሉ በሙሉ ሳቡት፣ ጫኑት። መደብር ተጋድሞ ስለቆየ ውስጡ አየር ሊኖር ይችላል። መጀመሪያ መሃል ላይ ባዶ ሆኖ የነበረው እንቅስቃሴ ሁሉም ቦታ እኩል እስኪከብድ ቀጥሉ። የሚያብረቀርቀውን ዘንግ በፒንሳ አትያዙት። አንድ ጭረት ጎሚኒውን እየላገ ይጨርሰዋል፣ አዲሱም በወራት ይፈስሳል።

ቱቦው ውስጥ ጥቂት የሞተር ዘይት ጨምሩና ካርትሪጁን አስገቡ። ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል። ዘይቱ ለአሞርዛተሩ ሥራ አይደለም፤ ካርትሪጁ የሚሞቀውን ሙቀት ወደ ውጭኛው ቱቦ እንዲያሳልፍና ቱቦው ከውስጥ እንዳይዝግ ነው። ካርትሪጁ ሲገባ ዘይቱ ከአፉ እንዳይተርፍ ልኩን ጠብቁ።

አብሮት የመጣውን አዲስ ክብ ዳዶ አጥብቁ። ዳዶው ካርትሪጁን መጫን አለበት። ቱቦው ላይ ተቀምጦ ካርትሪጁ ውስጥ ከተንቀሳቀሰ፣ ያ «ጓ» የሚለው ድምፅ ተመልሶ ይመጣል። ዘንጉን ይዛችሁ ነቅንቁ፤ ምንም መላወስ የለበትም።

መልሶ መግጠም

የሚቀበለውን ላስቲክና የአቧራ መከላከያውን ዘንጉ ላይ አስገቡ። ሞላውን ስታስቀምጡ የታችኛው መቀመጫ ላይ ያለችውን ደረጃ ፈልጉ፤ የሞላው ጫፍ እዚያች ላይ ይደገፋል። የላይኛውን መቀመጫ ስታስገቡ ደግሞ ዘንጉ አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ መሆኑን አትርሱ፤ ቀዳዳውም እንዲሁ ነው፣ ሁለቱ ይግጠሙ። ኩሽኔታውን በግራሶ ሙሉት፤ ላስቲኩ ላይ ግን ግራሶ አታስነኩ። የመሃሉን ዳዶ አስገብታችሁ መያዙን ካረጋገጣችሁ በኋላ መጭመቂያዎቹን እንዳጠበቃችሁት ተራ በተራ አላሉ።

እግሩን አንሱ፣ ከላይ ሦስቱን ዳዶ በእጅ ብቻ አስይዙ። ከታች ክንዱን ተጭናችሁ ጠርዙን ወደ ቀዳዳው አስገቡና ሁለቱን ቡሎኖች አጥብቁ። ካሊፐሩንና የፍሬን መስመሩን መልሱ። ጎማውን ግጠሙና መሪውን ከጥግ እስከ ጥግ አዙራችሁ የፍሬኑ ቱቦ እንዳልተጠማዘዘና ጎማውን እንደማይነካ እዩ። ከዚያ መኪናዋን መሬት አውርዱ። የጎማውን ዳዶ 100 ኒውተን ሜትር አካባቢ አጥብቁ፣ በተቃራኒ ቅደም ተከተል። የላይኛዎቹን ሦስት ዳዶዎችና የመሃሉን የመጨረሻ ማጥበቂያ መኪናዋ በእግሯ ቆማ፣ ጎማው ቀጥ ብሎ እያለ ጨርሱ። ሦስቱ ትንንሽ ናቸው፤ በረጅም ቁልፍ ብታስጨንቋቸው ይበጠሳሉ።

ፍሬኑን አየር ማውጣት

ሁለቱም ጎን ካለቀ በኋላ ነው። ከዘይት ማጠራቀሚያው ከሚርቀው፣ ማለትም በግራ መሪ መኪና ከቀኙ የፊት ጎማ ጀምሩ። አንድ ሰው ፔዳሉን ረግጦ ይያዝ፣ እናንተ ካሊፐሩ ላይ ያለችውን የአየር ማስተንፈሻ ከፍታችሁ ዝጉ፣ ከተዘጋች በኋላ ብቻ ፔዳሉን ይልቀቅ። አረፋ እስኪጠፋ ድገሙት። በየመሃሉ ማጠራቀሚያውን ሙሉ፤ ባዶ ከሆነ ሥራው እንደ አዲስ ይጀመራል።

ተከፍቶ የቆየ ፍሬን ዘይት አትጠቀሙ። ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፣ እርጥበት የሳበ ዘይት ቶሎ ይፈላል። ከጣርማበር ስትወርዱ ፍሬኑ ይግላል፤ ዘይቱ ከፈላ ፔዳሉ ባዶውን ይወርዳል። ፔዳሉ ጠንካራና ከፍ ያለ ካልሆነ መኪናዋ ከግቢ አትውጣ።

ከዚያ በኋላ

መጀመሪያ ሰፈር ውስጥ በኮብልስቶኑ ላይ ቀስ ብላችሁ ንዱ። መስኮቱን ክፈቱና አዳምጡ። ቀጥሎ ወደ ጫጫ በሚወስደው ሜዳ መንገድ ውጡና ፍሬኑን ከዝግታ እስከ መካከለኛ ፍጥነት ሞክሩት። ወደ ጎን መሳብ የለበትም። የመጀመሪያ ሙከራችሁን ጣርማበር ላይ አታድርጉ።

አላይመንት አሠሩ። የዲኤክስ የፊት ጎማ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ማየቱ በቴስቲኒው ይስተካከላል። እግር ተፈትቶ ከተገጠመ በኋላ ልኩ ሊለወጥ ይችላል፤ ካልታየ አዲሱን ጎማ በአንድ ጠርዙ ይበላዋል። ቀድሞ ጎድጎድ ብሎ የተበላው ጎማ ደግሞ አዲስ አሞርዛተርም ቢገባ መጮኹን አያቆምም። ወደ ኋላ አዙሩት፣ ወይም ቀይሩት።

ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ ኮፈኑን ክፈቱና ሦስቱን ዳዶ እንደገና ፈትሹ። የጎማውን ዳዶና የታችኞቹን ሁለት ቡሎኖችም እንዲሁ። የፍሬኑ መስመር የተከፈተበትን ቦታ በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉት፤ ጨርቁ ደረቅ ሆኖ ከወጣ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁለት መውረድ ትችላላችሁ።